የሞተር ብስክሌት ክብደትና የጎማው ምርጫ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

ሕፃን ልጅ በሁለት እግሩ ቆሞ መሄድን የሚማረው ብዙ ጊዜ እየወደቀ ነው፤ ቢወድቅም መሬቱ ቅርብ ስለ ሆነ ጥቂት አልቅሶ ይነሣል። በሁለት ጎማ መሄድ ግን እየወደቁ የሚማሩት ትምህርት አይደለም፤ ከሞተር ብስክሌት ላይ የወደቀ ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚነሣው በሰው ሸክም ነውና። ስለዚህ ወድቀን ከምንማረው አስቀድመን አስበን ብንማረው ይሻላል በማለት፥ በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ ሞተር ብስክሌት ክብደትና ስለ ጎማው ምርጫ፥ እነዚህም ሁለት ነገሮች ሞተሩ መንገድ የሚይዝበትን ሁኔታ እንዴት እንደሚለውጡት ባጭሩ ለመግለጥ ተነሥቻለሁ።

ይህ ጉዳይ የሞተረኞች ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፥ አንድ ቀን ጧት በከተማችን መንገድ ዳር ቆሞ ይመልከት። መምህሩ ወደ ትምህርት ቤት፥ ነጋዴው ወደ ገበያ፥ የጤና ሠራተኛው ወደ ቀበሌ፥ በሽተኛውም ወደ ሐኪም ቤት የሚሄዱት ብዙውን ጊዜ በሞተር ነው። ከእኛ ከተማሪዎችም መካከል የታላቅ ወንድሙ የዕለት እንጀራ በሞተር ላይ የተመሠረተ ጥቂት አይደለም። እንግዲህ የማይነዳ ሰው እንኳ ከኋላ ተቀምጦ ይሄዳልና ነገሩ የሁላችንም ነው።

የአገራችን መንገድ

የወላይታ ሶዶ ከተማ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች የመንገዶች መገናኛ ናት። በአረካ በኩል ወደ ሆሳዕና፥ በቦዲቲ በኩል ወደ ሻሸመኔ፥ በሁምቦ በኩል ወደ አርባ ምንጭ፥ ወደ ምዕራብም ወደ ዳውሮ የሚወስዱት መንገዶች ከእርሷ ይነሣሉ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ስለ ሆነችም የሚመጣውና የሚሄደው ሰው ብዙ ነው።

እነዚህ ታላላቅ መንገዶች አስፋልት ናቸው። ዳሩ ግን አንድ ሰው ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ ሲታጠፍ የሚያገኘው ኮረኮንች ወይም ቀይ አፈር ነው፤ በከተማው ውስጥም ኮብልስቶን አለ። ስለዚህ አንድ ሞተር በአንድ ጧት አራት ዓይነት መንገድ ሊረግጥ ይችላል። በዚህም ላይ ሶዶ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፥ የአባያ ሐይቅ ዳርቻ ግን 1,200 ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱና ዳገቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል። ዝናቡም የሚወርደው በክረምት ብቻ አይደለም፤ በበልግም ይዘንባል። እንግዲህ ወላይታ የሞተርን ክብደትና ጎማ ለሚመረምር ሰው በቂ መማሪያ ናት ማለት ነው።

ከብረት መንኰራኵር እስከ ጎማ

ጎማ ከመገኘቱ በፊት ነገሩ እንዴት እንደ ነበረ ማወቅ የጎማን ጥቅም ያስረዳል። ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባክ የተባሉ ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1885 ቤንዚን የሚያቃጥል ሞተር በሁለት መንኰራኵር ላይ አስቀምጠው ሠሩ። ክብደቱ 90 ኪሎ ያህል ነበር። መንኰራኵሮቹ ከእንጨት የተሠሩና በብረት የተከበቡ ስለ ነበሩ የተቀመጠበትን ሰው አጥንት ያንቀጠቅጡ ነበር፤ እንዳይወድቅም በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ ደጋፊ መንኰራኵሮች ነበሩት።

በአየር የተነፋ ጎማን ሐሳብ ሮበርት ቶምሰን የተባለ እስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1845 አስመዝግቦት ነበር፤ ነገር ግን ጊዜው ስላልደረሰ ተረሳ። ከ43 ዓመት በኋላ፥ በ1888፥ በቤልፋስት ከተማ የእንስሳት ሐኪም የነበረው ጆን ዳንሎፕ ለልጁ ብስክሌት ሲል እንደ ገና አገኘው። በ1894 በጀርመን አገር ለሽያጭ የወጣው የሂልደብራንድና የቮልፍሙለር ሞተር ብስክሌት በአየር በተነፋ ጎማ የሚሄድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሞተርና ጎማ አልተለያዩም። ታዲያ የፈጠራው ምክንያት ምቾት ቢሆንም፥ የተገኘው ጥቅም ግን ከምቾት የበለጠ ነው፤ ላስቲክ መሬትን እንደ እጅ ጨብጦ ይይዛልና።

ጎማ መሬትን የሚይዘው እንዴት ነው?

ሞተር ብስክሌት የሚሄደው፥ የሚታጠፈውና የሚቆመው ጎማው መሬትን በሚነካበት ስፍራ ብቻ ነው። ይህ ስፍራ ምን ያህል ይሰፋል ቢባል መልሱ ያስደንቃል። 100 ኪሎ የተጫነበትና 2 ባር አየር የተነፋበት ጎማ መሬትን የሚነካው በ50 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ይኸውም ከአንድ ሰው መዳፍ ያነሰ ነው። የአባት፥ የእናትና የልጅ ሕይወት ተሰብስቦ የሚቀመጠው ከሁለት መዳፍ በማይበልጥ ስፍራ ላይ ነው ማለት ነው።

ጎማውን ከመሬት ጋር የሚያያይዘው ኀይል በሳይንስ ክፍል ሰበቃ ብለን የተማርነው ነው። ማንም ተማሪ ይህን በቀላሉ ሊሞክረው ይችላል። ከአሮጌ ጎማ ቁራጭ ወስዶ ከትንሽ ሣጥን ሥር በሚስማር መምታት፥ በሣጥኑ ውስጥ መጻሕፍት መጨመር፥ ከዚያም በተንጠልጣይ ሚዛን እየሳቡ ሚዛኑን ማንበብ ነው። ሣጥኑ 5 ኪሎ ቢመዝንና እርሱን ለመጐተት 3 ኪሎ ተኩል ያህል መሳብ ቢያስፈልግ፥ የሰበቃው ቁጥር 0.7 ነው እንላለን። በደረቅ ሲሚንቶ ላይ፥ አሸዋ በተበተነበት ሲሚንቶ ላይ፥ በእርጥብ ጭቃ ላይም ቢጐትቱት ቁጥሩ እየወረደ ሲሄድ ይታያል።

ለሞተር ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ 0.7፥ በእርጥብ አስፋልት 0.45፥ በኮረኮንች 0.35፥ በእርጥብ ጭቃ 0.2 ያህል ብለን ብናስብ ከእውነቱ ብዙ አንርቅም፤ እንደ ጎማውና እንደ መንገዱ ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ። በዚህ መሠረት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ፍሬን ከተያዘበት ስፍራ አንሥቶ እስኪቆም ድረስ በደረቅ አስፋልት 14 ሜትር፥ በእርጥብ አስፋልት 22 ሜትር፥ በኮረኮንች 28 ሜትር፥ በጭቃ 49 ሜትር ያህል ይሄዳል። ይህም በደልዳላ ሜዳ ነው። ነጂው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ አንድ ሰኮንድ ቢያልፍበት ደግሞ 14 ሜትር ይጨመራል። በጭቃ ላይ ጠቅላላው 63 ሜትር ሆነ ማለት ነው።

ፍጥነቱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ቢወርድስ? በጭቃ ላይ የሚቆምበት ርቀት ከ49 ሜትር ወደ 18 ሜትር ይወርዳል። ፍጥነቱ የቀነሰው ከግማሽ ባነሰ ነው፤ ርቀቱ ግን ወደ ሢሶው ተጠግቷል። ምክንያቱም የማቆሚያው ርቀት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ልክ ስለ ሆነ ነው።

ክብደት ያቆማል ወይስ ያሳልፋል?

እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ አለ። ከላይ በተቈጠሩት ርቀቶች ውስጥ የሞተሩ ክብደት አልገባም። ከባድ ነገር ለማቆም ያስቸግራል፤ ነገር ግን ክብደቱ ራሱ ጎማውን ወደ መሬት አጥብቆ ስለሚጫነው ሰበቃውንም በዚያው ልክ ያሳድገዋል። በሣጥኑ ውስጥ መጻሕፍቱን እጥፍ ብናደርጋቸው የምንስብበት ኀይልም እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በወረቀት ላይ ሲታይ አንድ ሰው የጫነና ሦስት ሰው የጫነ ሞተር በአንድ ርቀት ላይ ይቆማሉ።

አንዳንድ ሞተረኞች «ጭነት ሲኖረው መሬት ይይዛል» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ይሆናል። ንግግራቸው ፍጹም ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሩቡ እውነት ነው። ሦስቱን ሩብ ቀጥለን እንመልከት።

መጀመሪያው ፍሬኑ ነው። ጎማው መሬቱን ቢይዝም ፍሬኑ ጎማውን መያዝ አለበት። 120 ኪሎ የሚመዝን ሞተርና 60 ኪሎ የሚመዝን ነጂ በአንድነት 180 ኪሎ ይሆናሉ። አንድ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰውና ግማሽ ኩንታል ስኳር ድንች ሲጨመሩበት 290 ኪሎ ሆነ። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፍሬኑ ወደ ሙቀት ሊለውጠው የሚገባው ጉልበት ከ17,000 ጁል ገደማ ወደ 28,000 ጁል ከፍ ይላል። ከሶዶ ወደ ሁምቦ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ይህን ደጋግሞ ያደረገ ፍሬን ይግላል፤ የጋለ ፍሬንም ይደክማል። ስለዚህ በቁልቁለት ላይ ሞተሩን በትንሽ ማርሽ ማውረድ እንጂ በፍሬን ብቻ ማንጠልጠል አይገባም። በዜሮ ማርሽ ቤንዚን ለመቈጠብ ቁልቁለት የሚለቅ ሰው የጥቂት ብር ትርፍ ለማግኘት የማይተመነውን ሕይወቱን መያዣ ያስይዛል።

ሁለተኛው ክብደቱ የሚያርፍበት ስፍራ ነው። ለምሳሌ ያህል የሁለቱ ጎማዎች እምብርት በ125 ሳንቲ ሜትር የሚራራቅ ሞተር እንውሰድ። ነጂው ብቻውን ሲሆን ከ180 ኪሎው 81 ኪሎ በፊት ጎማ፥ 99 ኪሎ በኋላ ጎማ ላይ ያርፋል እንበል። ሁለተኛው ሰው ከኋላው ጎማ እምብርት 20 ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ይቀመጣል፤ ጆንያው ደግሞ ከእምብርቱ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይታሰራል። በዚህ ጊዜ ስሌቱ ሲሠራ የፊት ጎማ የሚሸከመው 85 ኪሎ፥ የኋላው ግን 205 ኪሎ ይሆናል። ከተጨመረው 110 ኪሎ ውስጥ ለፊተኛው የደረሰው 4 ኪሎ ብቻ ነው!

ይህ ለምን ያስፈራል ቢባል፥ ሞተርን የሚመራው የፊት ጎማ ስለ ሆነ ነው። ከፊት ያለው ድርሻ ከ100 እጅ 45 የነበረው ወደ 29 ወርዷል። መሪው ይቀልላል፤ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡት የፊት ጎማው ከመሬት ሊነሣ ይቃጣዋል፤ በመታጠፊያም ላይ ነጂው ወዳሰበው ሳይሆን ወደ ውጭ ይሄዳል። ከኋላው እምብርት አልፎ የሚታሰር ጭነት የፊት ጎማን የሚያነሣ ማንሻ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ሦስተኛው ከፍታው ነው። በአህያ ላይ ጭነት የሚጭን ገበሬ ሸክሙ ወደ ላይ ሲከመር እንስሳው እንደሚንገዳገድ ያውቃል። የሞተርም እንዲሁ ነው። የስበት ማዕከሉ ከፍ ባለ ቍጥር ሞተሩ ለመውደቅ ይቀልለዋል፤ ፍሬንም ሲያዝ ብዙው ክብደት በድንገት ወደ ፊት ይዞራል። አንድ ኩንታል በግራና በቀኝ ዝቅ ብሎ ቢከፈልና ሚዛኑ እኩል ቢሆን፥ ያው ኩንታል ከነጂው ትከሻ በላይ ከሚቆም እጅግ ይሻላል።

ቀላል ሞተርና ከባድ ሞተር

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጭነት ነው፤ ስለ ሞተሩ ስለ ራሱ ክብደትስ? በዚህ ነገር የሚበልጠውን መምረጥ የሚቻለው መንገዱን ካወቁ በኋላ ነው። ከባድ ሞተር በአስፋልት ላይ ጸጥ ብሎ ይሄዳል፤ ትልቅ የጭነት መኪና በአጠገቡ ሲያልፍ የሚነሣው ነፋስም በቀላሉ አይገፋውም። በጭቃ ላይ ግን ነጂው እግሩን ዘርግቶ ሊደግፈው ይቸገራል፤ ከወደቀም ብቻውን አያነሣውም። ቀላል ሞተር በጠባብ የገጠር መንገድ ላይ እንደ ፍየል ይዞራል፤ በአስፋልት ላይ ግን ነፋስና ጕድባ ያንገላቱታል። በቀላሉ ሞተር ላይ ሁለት ሰው ሲጨመር ጭነቱ ከሞተሩ ስለሚከብድ፥ ሞተሩ ሰውን የሚመራ መሆኑ ቀርቶ ሰውና ጭነት ሞተሩን የሚመሩት ይሆናሉ።

እንግዲህ ሞተር ሲገዛ መጠየቅ የሚገባው «ጉልበቱ ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «እኔ እችለዋለሁን? የምሄድበትስ መንገድ ይችለዋልን?» ተብሎ ነው።

የጎማ ዓይነቶች

ጎማዎች ብዙ ቢሆኑም በሦስት ክፍል ልንመድባቸው እንችላለን።

የመጀመሪያው የአስፋልት ጎማ ነው። ጥርሱ አጭር ሆኖ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። መስመሮቹ ውሃን ወደ ጎን ለማፍሰስ የተቈፈሩ ቦዮች ናቸው። በአስፋልት ላይ ብዙ ላስቲክ መሬት ስለሚነካ አጥብቆ ይይዛል። ነገር ግን ቀይ ጭቃ ሲያገኘው ቦዮቹ ወዲያው ይደፈኑና እንደ ሳሙና ይንሸራተታል።

ሁለተኛው ጥርሳሙ ጎማ ነው። ጥርሶቹ ረጃጅምና የተራራቁ ናቸው፤ ጭቃውን እንደ ዶማ እየቈፈሩ ይይዛሉ፤ ሲሽከረከርም ጭቃውን ይጥላል። ይህን ያየ ሰው «ጥርሳሙ ከሁሉ ይበልጣል» ሊል ይችላል፤ ዳሩ ግን በአስፋልት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። መሬት የሚነኩት የጥርሶቹ ጫፎች ብቻ ናቸው፤ ሞተሩ ሲያጋድልም ረጃጅሞቹ ጥርሶች ይታጠፋሉ፤ በእርጥብ አስፋልት ላይ የማቆሚያውን ርቀት ያስረዝማል፤ ቶሎም ያልቃል።

ሦስተኛው መካከለኛው ነው። ጥርሱ ከአስፋልቱ ጎማ የጠለቀ፥ ከጥርሳሙ ግን የተቀራረበ ነው። በአንዱም ዓይነት መንገድ ላይ አንደኛ አይወጣም፤ በሁሉም ላይ ግን ፈተናውን ያልፋል። ከሶዶ ተነሥቶ በአስፋልት ወደ ቦዲቲ ወይም ወደ አረካ ሄዶ ወደ ቀበሌ መንገድ ለሚታጠፍ ሰው ይህ ይስማማዋል። ከከተማ የማይወጣ ሰው የአስፋልቱን፥ ከጭቃ የማይወጣ ሰው ጥርሳሙን ይምረጥ።

ስፋቱንም በሚመለከት ሰፊ ጎማ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት ስሕተት ነው። ጭቃው ስስ ሆኖ ከሥሩ ጠንካራ መሬት ሲኖር ጠባቡ ጎማ ጭቃውን ሰንጥቆ ጠንካራውን ያገኛል። አሸዋው ወይም ጭቃው ጥልቅ ሲሆን ግን ሰፊው ሳይሰምጥ ይንሳፈፋል። ለጠባብ ቸርኬ የተሠራውን ጎማ አውጥቶ ለማማር ሲባል ሰፊ ማግባት ደግሞ ጎማውን ቅርጽ ያሳጣዋል፤ መሬት የሚነካውንም ስፍራ ይቀንሰዋል።

በጎማ ላይ የተጻፈውን ማንበብ

ጎማ የራሱን ታሪክ በጎኑ ላይ ጽፎ ይዞራል፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች የኋላ ጎማ ላይ 3.00-17 የሚል ቍጥር ይገኛል። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት በኢንች ሲሆን፥ ሁለተኛው ጎማው የሚገባበት ቸርኬ በኢንች የተለካ ዲያሜትር ነው። ከዚያ ቀጥሎ ለምሳሌ 50 የሚል ቍጥርና ፒ የሚባለው የላቲን ፊደል ቢኖር፥ 50 ማለት ጎማው እስከ 190 ኪሎ ይሸከማል፥ ፒ ማለት ደግሞ እስከ 150 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይችላል ማለት ነው። በፊት ጎማ ላይ 41 ቢል 145 ኪሎ ነው።

አሁን ወደ ጆንያችን እንመለስ። በኋላ ጎማ ላይ 205 ኪሎ አርፎ ነበር፤ ጎማው የሚችለው 190 ነው። ይህም ጎማው አዲስ ሆኖ፥ አየሩም ሙሉ ሆኖ፥ መንገዱም ደልዳላ ሆኖ ሳለ ነው። በጕድጓድ ላይ ሲወድቅ የሚደርስበት ጫና ከዚህ እጅግ ይበልጣል። የተጫነው ሰው ሁለት ቢሆንስ ብላችሁ ስሌቱን ራሳችሁ ቀጥሉት።

እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በተሠሩ ጎማዎች ላይ ደግሞ የመጨረሻ አራት አኃዞች የተሠራበትን ጊዜ ይናገራሉ። 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ላስቲክ ሳይሠራም ያረጃል፤ ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። በሱቅ ብዙ ዓመት የተቀመጠ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ስለ ሆነ ብቻ አዲስ አይባልም።

አየርና እርጅና

የጎማ አየር ሲያንስ ጎማው ይዘላል፥ ይግላል፥ መሪው ይከብዳል፤ በመታጠፊያ ላይም ጎማው በቸርኬው ላይ ይዋልላል። ሲበዛ ደግሞ መሬት የሚነካው ስፍራ ጠብቦ በኮረኮንች ላይ ይነጥራል። ስለዚህ አየሩን ፋብሪካው በጻፈው ልክ መሙላት፥ ሰው ሲጨመርም ለኋላው በተጻፈው መጠን መጨመር ይገባል። የሚለካውም ጧት ጎማው ሳይግል ነው፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ከፍ ሲል ግፊቱ በ0.1 ባር ገደማ ይጨምራልና። በጣት እየተጫኑ «ይበቃዋል» ማለት ልኬት አይደለም።

የአስፋልት መንገድ ብዙ የሄደ ጎማ መካከሉ ያልቅና ጠፍጣፋ ይሆናል። ሞተር የሚታጠፈው አጋድሎ ስለ ሆነ የጎማው መልክ ክብ መሆን አለበት። መካከሉ የተላጠ ጎማ ከጠፍጣፋው ወደ ጠርዙ ሲሻገር ነጂውን ይደነብረዋል። ጥርሱ ያለቀውን ጎማ በቢላዋ መስመር እያወጡ አዲስ ማስመሰል ደግሞ እጅግ ክፉ ሥራ ነው፤ የቀረችውን ስስ ላስቲክ አሳስቶ ክሩን ያጋልጣል። በትንንሽ ሞተሮች ጎማ ውስጥ ካላማዳሪ ስላለ፥ ሲቀደድ አየሩ በአንድ ጊዜ ይወጣል፤ ነጂውን ለማሰብ እንኳ ጊዜ አይሰጠውም። ጎማው ለበረባሶ የደረሰ እንደ ሆነ ለበረባሶ ይሁን፤ በእግር የሚሄድ ሰው ቢንሸራተት ከራሱ ቁመት በላይ አይወድቅም።

በመታጠፊያ ላይ

ሞተር በመታጠፊያ ላይ ለምን እንደሚያጋድል ሁላችንም አይተናል። መጠኑንም ማስላት ይቻላል። የክቡ ራዲየስ 30 ሜትር በሆነ መታጠፊያ ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚዞር ሞተር 23 ዲግሪ ያህል ያጋድላል፤ የሚፈልገውም የሰበቃ ቍጥር 0.42 ነው። ይህን ከላይ ከጠቀስናቸው ጋር እናስተያየው። በደረቅ አስፋልት 0.7 አለ፤ በደኅና ያልፋል። በእርጥብ አስፋልት 0.45 አለ፤ ለጥቂት ያልፋል፤ ፍሬን ከነካ ግን አያልፍም። በኮረኮንች 0.35 ነው፤ ስለዚህ ይወድቃል። በ30 ኪሎ ሜትር ቢዞር ግን የሚያስፈልገው 0.24 ብቻ ስለ ሆነ በኮረኮንቹም ላይ ያልፋል። በ10 ኪሎ ሜትር ልዩነት መውደቅና ማለፍ ተለያዩ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረት በመታጠፊያ ላይ ሲሆን የፈሰሰውን ለመልቀምም ጊዜ አይገኝም።

ጎማ አንድ እጅ አለው እንበል፤ በዚያው እጅ ለማቆምም ለመታጠፍም ይይዛል። በሙሉ ኀይሉ እየታጠፈ ሳለ ፍሬን ሲጨመርበት የሚይዝበት ሌላ እጅ የለውም። ስለዚህ ፍሬን ከመታጠፊያው በፊት ይያዝ፤ በመታጠፊያው ውስጥ አይያዝ። በደረቅ አስፋልት ላይ የፊት ፍሬን ዋናው ነው፤ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚዞር የፊት ጎማ አጥብቆ ይይዛልና። በጭቃና በኮረኮንች ላይ ግን የፊት ፍሬንን ጨብጦ መያዝ ሞተሩን ከሥር ጠርጎ መጣል ነው፤ ሁለቱም በለዘብታ ይያዙ።

ለማን ምን እንመክራለን?

በመስከረም ጊፋታ ሲደርስ በሩቅ ያሉት ወደ ቤተ ሰባቸው ይመለሳሉ፤ ገበያው ይሞላል፤ ሞተሮችም ከልክ በላይ ይጫናሉ። የክረምቱ ጭቃ ግን ገና አልደረቀም። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ በዚያ ወራት ይህን ማሰብ ይጠቅማል።

ለሞተረኞች ወንድሞቻችን፦ ጭነቱ ዝቅ ይበል፥ ወደ ፊት ይጠጋ፥ ሚዛኑ እኩል ይሁን፤ ሁለተኛ ጉዞ ቤንዚን ይፈጃል እንጂ አጥንት አይፈጅም። የጎማው ዋጋ ውድ መሆኑን እናውቃለን፤ ገንዘቡ ለአንድ ጎማ ብቻ የበቃ እንደ ሆነ ግን የፊቱ ይቀደም። የኋላው ሲንሸራተት ነጂው አንዳንድ ጊዜ ያቃናዋል፤ የፊቱ ሲንሸራተት ግን የሚያቃናው ጥቂት ነው።

ከኋላ ለሚቀመጡ፦ ሦስተኛ ሆነን ከመቀመጥ ጥቂት ደቂቃ ብንጠብቅ ይሻላል። ሞተሩ ሲያጋድል አብረን እናጋድል እንጂ ወደ ሌላ ወገን አንዘንበል። ነጂውን «ቶሎ በል» ከማለት ይልቅ «ቀስ በል» ማለት ነውር አይደለም።

ለወላጆቻችን፦ ለልጃችሁ ሞተር ስትገዙ ለጎማና ለራስ ቁር የሚሆነውን ገንዘብ በዚያው ቀን ቈጥራችሁ ለዩ። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉት ጥናቶች በአንድነት ሲመረመሩ የራስ ቁር የሞትን አደጋ ከ100 እጅ በ42፥ የራስ ጉዳትን በ69 ያህል እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። የራስ ቁሩም በራስ ላይ ታስሮ እንጂ በክንድ ላይ ተንጠልጥሎ አይጠብቅም፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለው፥ ሲነሡ ያላሰሩትን ሲወድቁ ማሰር አይቻልም።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ በክፍል የተማርነው ሰበቃ፥ የስበት ማዕከልና የማንሻ ሕግ ለፈተና ብቻ የተጻፈ እንዳልሆነ ይህ ያስረዳናል። እያንዳንዳችን ዛሬ ወደ ቤታችን ስንመለስ፥ በግቢያችን ወይም በጎረቤታችን የቆመውን ሞተር ጎማ ጎኑን እናንብብ፤ ምን ያህል ኪሎ እንደሚችልና መቼ እንደ ተሠራ ለባለቤቱ እንንገረው። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ፊደል ማወቅ ይበቃል።